ካስቶሎን ያያችሁ

የዛሬው ወጌ ለሽበቴ የሚመጥን አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ዕድርና ስለ ትምህርት ጥራት ሲያወራ የከረመ ሰው ድንገት ተነስቶ “አንድ የቪዲዮ ጌም ቅር አሰኘኝ” ሲል የሚታዘቡት አንባቢዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ባለቤቴ ቀድማችኋለች። “ለመሆኑ በዚህች አገር ቅር የሚያሰኝ ነገር አልቆ ነው ወደ ጌም የወረድከው?” ብላኛለች። አላለቀም። ግን ቅሬታ ወረፋ አይጠብቅም፤ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይገባል።

ነገሩ የሚጀምረው በ2001 ዓ.ም. ክረምት ነው። ነቀምቴን የሚያውቅ ሰው ክረምቷን ያውቃል። ዝናቡ በግንቦት “እንዴት ዋላችሁ” ብሎ ይገባና እስከ መስቀል ድረስ እንደ ሩቅ ዘመድ ይቀመጣል። በዚያ ዝናብ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። የት ዋልክ ሲሉት “ጓደኛዬ ጋ” ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በአጥር ላይ ጠሩኝና “ያንተ ልጅ ቡርቃ ጃቶ ጌም ቤት ነው የሚውለው፤ የኔውም እዚያው ነው” አሉኝ።

ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ጃንጥላው ለዝናቡ ብቻ አልነበረም።

ጌም ቤቱ ከአንድ ሱቅ ጓሮ የተቀጠለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ የሚያጓራ ስታቢላይዘር፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በካርቶን የተጻፈ ማስታወቂያ፦ “አንድ ጌም 1 ብር። ዱቤ የለም። ጆይስቲክ መወርወር ክልክል ነው።” ቤቱ የረጠበ ጫማና የቆሎ ሽታ ይሸታል። አግዳሚዎቹ ላይ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ በኦሮምኛ ይከራከራሉ፣ በአማርኛ ይሰዳደባሉ፣ በእንግሊዝኛ “ኦፍሳይድ!” ይላሉ። እኔ በሩ ላይ ስታይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንገታቸውን ሊደብቁ የሞከሩት ሁለቱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የማስተምራቸው የከተማው ልጆች ናቸው። አንደኛው ብልጥ ነው። ተነስቶ አግዳሚውን በእጁ ጠረገና “ቲቸር፣ ይቀመጡ” አለኝ።

“አባ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶኛል” አለ ልጄ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ጃንጥላዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ። የተነሳሁት መብራት ሲጠፋ ነው።

ልጆቹ ጨዋታውን “ፔስ” ይሉታል። ሙሉ ስሙ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ነው፤ ያን ቀን ያየሁት በ1999 ዓ.ም. የወጣውን ስድስተኛውን ነበር። የሚሠራው ኮናሚ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ኦሳካ ውስጥ ሳንቲም ሲጎርሱ የሚዘፍኑትን የሙዚቃ ሳጥኖች በማከራየትና በመጠገን ሥራ የጀመረ። ተፎካካሪው ፊፋ የክለቦቹን ስምና ማሊያ በፈቃድ ገዝቶ ሲያቀርብ፣ ፔስ ለብዙዎቹ ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን “መርሲሳይድ ሬድ”፣ ቼልሲን “ለንደን ኤፍሲ” ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ደንታም አልነበራቸው። ስሙ የውሸት ቢሆንም ኳሱ የእውነት ነበር። ኳሷ ክብደት አላት፤ ትነጥራለች፣ ታመልጣለች፣ ረግረግ ውስጥ እንዳለች ትዘገያለች። ኢንተርን የመረጠ ልጅ አድሪያኖን ያገኛል፤ የአድሪያኖ ግራ እግር ደግሞ በረኛ አለ ብሎ አያምንም። ኢንተርን ለመያዝ ጠብ ሲበዛ ባለቤቱ “ኢንተር ክልክል ነው” የሚል ሁለተኛ ካርቶን ለጠፈ።

እኔን የያዘኝ ግን አድሪያኖ አይደለም። ማስተር ሊግ የሚሉት ክፍል ነው።

በዓመቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው እጅ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ገዛሁ። ለባለቤቴ “ልጁን ከጌም ቤት ለማስቀረት ነው” አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ማስተር ሊግ የአንድ ቀን ግጥሚያ አይደለም፤ የአንድ ክለብ ዕድሜ ነው። ሲጀመር የሚሰጣችሁ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ቡድን ነው። ኢቫሮቭ የሚባል በረኛ፣ ስትሬመር የሚባል ተከላካይ፣ ሚናንዳ የሚባል አማካይ፣ ካስቶሎ የሚባል አጥቂ። አንዳቸውም ከእናት አልተወለዱም። ደካሞች ናቸው፤ ታችኛው ዲቪዚዮን ላይ ይንገዳገዳሉ። በእነሱ እያሸነፋችሁ ነጥብ ታጠራቅማላችሁ፣ በነጥቡ የተሻለ ተጫዋች ትገዛላችሁ፣ ታድጋላችሁ። ዘመን ሲያልፍ ተጫዋቾቹ ያረጃሉ። ፍጥነታቸው በየዓመቱ ይቀንሳል። አንድ ቀን ስማቸው ከዝርዝሩ ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ፣ ጊዜው ሲደርስ፣ በዚያው ስም ጢም ያላበቀለ ልጅ ሆነው ይመለሳሉ።

ገጸ ባሕርይ ማለት ከወረቀት ተሠርቶ የምናዝንለት ሰው ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ይኸው ከወረቀት እንኳ ያልተሠራ ሰው አሳዘነኝ።

ክለባችንን “ዲዴሳ” አልነው፤ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ካስቶሎ ከታችኛው ዲቪዚዮን ያወጣን ሰው ነው። እያረጀ ሲሄድ ልጄ “አባ፣ እንሽጠው፤ አልሮጥ ብሏል” አለኝ። “አይሸጥም” አልኩ። “ለምን?” “ያቆመን እሱ ነው።” “ግን እኮ ቀዘቀዘ!” “የቀዘቀዘ ሰው አይሸጥም!” ብዬ ጮህኩ። ያኔ አርባን አልፌ ነበር፤ ክርክሩ ስለ ካስቶሎ ብቻ እንዳልነበረ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ነው የገባኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔና ልጄ ስለ ምንም ነገር ፊት ለፊት ተነጋግረን አናውቅም። እኔም ከአባቴ ጋር አልተነጋገርኩም። አባቴ “በላህ?” ይለኛል፣ “በላሁ” እለዋለሁ፤ በቃ። እኛ ቤት ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ዓይናችን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ በካስቶሎ በኩል እንነጋገር ጀመር። እናቴ በ2004 ዓ.ም. ያረፈች ጊዜ ልጄ ለቅሶ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም። ከሰልስቱ በኋላ አንድ ማታ ጨዋታውን አቆመና “አባ፣ ካስቶሎ ሲያቆም ተመልሶ ይመጣል አይደል?” አለኝ። “ይመጣል” አልኩት። “አያቴ ግን” አላለም። ጨዋታውን ቀጠለ። እኔም ቀጠልኩ። ያን ማታ ሁለታችንም መጥፎ ተጫወትን።

የዲዴሳ ታሪክ ሁሉ የሚቀመጠው 8 ሜጋባይት በምትይዝ፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። ልጄ በ2011 ዓ.ም. በአስተማሪነት ነጆ ሲመደብ፣ የዚያው ዓመት ካስቶሎ ጫማውን ሰቀለ። ልጁ ሻንጣውን ሲያሰናዳ ካርዷን ነቅሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። “ያለ እኔ ዘመን እንዳትጀምር” አለኝ። ዲስኩ እኔ ጋ ቀረ፣ ካርዷ እሱ ጋ ሄደች። ለበዓል ሲመጣ ብቻ ቁልፍና በር ይገናኛሉ።

ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉድሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በእኛ በምሥራቅ ወለጋ በዋና ዋና ከተሞች ስልኩ ቢሠራም ኢንተርኔቱ አልነበረም። መስመሩ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። ሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ ከነጆ ወሬ የለም። መነኻሪያ እየሄድኩ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው እጠይቃለሁ፤ አንዱ “ሰላም ነው” ይለኛል፣ ሌላው አንገቱን ይነቀንቃል። ማታ ማታ ፕሌይስቴሽኑን እከፍታለሁ። ዲስኩ ይዞራል፣ ሙዚቃው ይመጣል፣ ከዚያ “ካርድ የለም” ይለኛል። ይህን እንኳ ለማየት መክፈቴ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢያንስ የሚናገረኝ ነገር ነበር።

መስመሩ በተመለሰ ዕለት ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ለአፍታ ዝም ተባባልን። ከዚያ፦

“አባ፣ ካስቶሎ መጣ?”

“ካርዷ አንተ ጋ አይደለችም እንዴ? በምን አውቃለሁ!” ብዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ለእናቱ ሰጥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጓሮ ምን እንዳደረግኩ አልነግራችሁም።

እንግዲህ አሁን ስለ ቅሬታዬ ልናገር እችላለሁ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ኮናሚ የፔስን ስም ሊተወው መሆኑን አስታወቀ። አዲሱ ጨዋታ “ኢፉትቦል” ይባላል፤ በነጻ ነው፣ በዲስክ አይሸጥም፣ ከኢንተርኔት ይወርዳል። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሜሲና ሮናልዶ ፊታቸው ተጣሞ፣ ዓይናቸው ፈጦ የሚታይበት ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ተጫዋቾች እርስ በርስ ተጠላልፈው ይወድቃሉ፣ ዳኛው ቆሞ ያያል። በኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫው በስቲም ላይ አስተያየት ከሰጡት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አወገዙት፤ በዚያ ገበያ ታሪክ እጅግ ከተጠሉት ጨዋታዎች ተርታ ገባ። ኩባንያው በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ተስተካክሏል የተባለው ዋናው እትም የመጣው በሚያዝያ ነው።

ልጄ ያኔ ሥራ ቀይሮ አዲስ አበባ ነበር። ለ2014ቱ ገና ሲመጣ ከጓደኛው የተዋሰውን ፕሌይስቴሽን 4 በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ አዲሱን ጨዋታ እዚያው አውርዶና ጭኖ ይዞልኝ መጣ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎት ነው የመጣው። “አባ፣ ስጦታህ” አለኝ። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ፣ ተቀመጥን።

ከስልኩ ጋር አገናኘው። ጠበቅን። ማዘመኛ አለ ተባለ፤ ጠበቅን። ተከፈተ። ሣሩ ያምራል፣ ላቡ ይታያል፣ የባርሴሎናን ማሊያ ክሩን መቁጠር ይቻላል። ሲወጣ የነበሩት ክለቦች ዘጠኝ ናቸው። አንድ ግጥሚያ ተጫወትን፣ ሌላም ተጫወትን። ከዚያ “ማስተር ሊጉን ክፈተው” አልኩ።

“የለም።”

“እንዴት የለም?”

“ወደፊት ይመጣል ብለዋል። በክፍያ።”

“ካስቶሎስ?”

ልጄ መልስ አልሰጠኝም። ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የድሮ ተማሪዎቼም ትዝ አሉኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ሰጡን። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልምዣት በ1980 ዓ.ም. ሲወጡ አንባቢው ሁሉ ሰብለንና በዛብህን በሌላ ስም ፍለጋ ነበር የገባው፤ ሲያጣቸው አኮረፈ። እነዚያን መጻሕፍት ባስተማርኩ ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን ያወጣና “ቲቸር፣ እንደ መጀመሪያው አይደለም” ይላል። እቆጣለሁ። “ደራሲው ባለዕዳችሁ አይደለም! ያው እንዲደገምላችሁ ከፈለጋችሁ ያንኑ ደግማችሁ አንብቡ!” እላለሁ። ሰርቫንቴስንም እጠቅሳለሁ። ዶን ኪኾቴ እ.ኤ.አ. በ1605 ወጥቶ ሁለተኛው ክፍል ሲዘገይ፣ በ1614 አንድ ሰው በብዕር ስም የውሸት ሁለተኛ ክፍል አሳተመ። ሰርቫንቴስ ተናዶ በዓመቱ እውነተኛውን አወጣ፤ የአንባቢ ጉጉት ደራሲን እንደሚያስገድድ፣ ሌባንም እንደሚያበላ ምሳሌ ነው እላለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማርኩ ሰውዬ በሃምሳዎቹ ዕድሜዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ “እንደ መጀመሪያው አይደለም” እያልኩ ነው። የኋላ ወንበር ተማሪዎቼ ሆይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ራሴን እበድላለሁ። የልምዣት ሲወጣ ፍቅር እስከ መቃብር ከመደርደሪያዬ አልተነሳም። መጽሐፉ የእኔ ነው። መብራት ቢጠፋ በኩራዝ አነበዋለሁ፤ መስመር ቢቋረጥ መጽሐፉ ወሬው አይደርሰውም። አሮጌው ዲስክም እንደዚያ ነበር። አዲሱ ጨዋታ ግን ቤቱ የእኛ ቤት አይደለም፤ ዋናው ነገሩ ያለው ኩባንያው ጋ ነው፣ እኛ በገመድ እየተጎተትን የምናየው። ገመዱን ባለቤቱ የጠቀለለ ቀን ጨዋታውም አብሮ ይጠቀለላል። ቶኪዮ ላይ ተቀምጦ ይህን ያሰበ ሰው መስመር ማለት ሁልጊዜ እንደ አየር ያለ ነገር ነው ብሎ ነው ያሰበው። ሦስት ወር “ካርድ የለም” የሚል ጽሑፍ ብቻ ሲያነብ የከረመ የወለጋ አባት ይኖራል ብሎ አላሰበም። ያስብ ዘንድም አልጠብቅበትም። ቅር ማለቴን ግን አይከለክለኝም።

ወደ ገናው ማታ ልመለስ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ጎን ለጎን እንደተቀመጥን ቀረን፤ የምናየው ነገር የለም። የሚያወራልን ካስቶሎ የለም። ብዙ ቆየን። ከዚያ ልጄ ሳልጠይቀው ስለ ነጆ ማውራት ጀመረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም ነበር። መስመሩ በተቋረጠ በሳምንቱ ደብዳቤ ጽፎ ቡና ለጫነ የጭነት መኪና ሾፌር መስጠቱን ነገረኝ፤ ደብዳቤው አልደረሰንም። ኔትወርክ እንደሌለ እያወቀ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ጉብታ ላይ ይወጣ እንደነበር ነገረኝ። ሌሊት ተኩስ ሲሰማ ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛ እንደነበር፣ ተማሪዎቹ ጠዋት ሲመጡ ስም ሲጠራ ዝም የሚሉ ስሞች እየበዙ መሄዳቸውን ነገረኝ። “የት ሄዱ?” አልኩት። “አላውቅም አባ። ስማቸውን ግን መጥራቴን አላቆምኩም” አለኝ። እናቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማለች። እኔ የምለው አጥቼ “በላህ ግን? እዚያ ምን ትበላ ነበር?” አልኩት። አባቴ ከአፌ ወጣ።

“በላሁ” አለና ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን።

ይህን ስል አዲሱን ጨዋታ ላመሰግን አይደለም። ጨዋታው ደህና ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያን ማታ አንነጋገርም ነበር ብዬ አስቤያለሁ፤ አሥር ዓመት ጎን ለጎን ስንቀመጥ ካስቶሎ ድልድይም መጋረጃም ሆኖ እንደነበረ አስቤያለሁ። ሆኖም መጋረጃው የኔ ነበረ፤ ሲቀደድ ብርሃን ገባ ብሎ የቀደደውን የሚመርቅ የለም።

ከዚያ በኋላ ዓለሙም ተለዋወጠ። ፊፋ የሚባለው ጨዋታ ራሱ ከእግር ኳስ ማኅበሩ ጋር ተለያይቶ ከ2016 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በሌላ ስም ይወጣል። ማኅበሩ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከኮናሚ ጋር ተወዳጅቶ የኢፉትቦል የዓለም ዋንጫ አዘጋጀ። ስምና ባለስም ተለዋወጡ፤ “መርሲሳይድ ሬድ” የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ይህን ሲያይ ሳይስቅ አይቀርም።

ባለፈው ጊዜ በቡርቃ ጃቶ ሳልፍ ያቺን የቆርቆሮ ክፍል ፈለግኩ፤ አጣኋት። ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ልጆች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ኢፉትቦል ነው። “ይሄ ነገር አያሳፍርህም?” አልኩት አንዱን። ልጁ ቀና ብሎ በትሕትና አየኝ። “አባ፣ በነጻ እኮ ነው። የጆይስቲክ ብር የለኝም” አለኝና ጎል አገባ። ጓደኛው ትከሻውን መታው። ልክ ነው። እኔ የምቆጭበት ዲስክ ለእሱ ተቆልፎበት የነበረ በር ነው። ይህን ለመናገር ከጌም ቤቱ ካርቶን በላይ ሐቀኛ መሆን አለብኝ፦ አንድ ብር ያልነበረው ልጅ ያኔም ውጭ ቆሞ በቀዳዳ ነበር የሚያየው።

አሮጌው ፕሌይስቴሽን አሁንም አለ። ዓይኑ ደክሟል፤ በጎኑ ካላቆሙት ዲስክ አያነብም። ባለፈው ፋሲካ ልጄ መጣ፣ ካርዷን ከኪሱ አወጣ፣ ዲዴሳን ከፈትን። አዲስ ዘመን ጀመርን። የሚገዙ ወጣቶችን ዝርዝር ወደ ታች ስናወርድ፣ ስናወርድ፣ ልጄ ድንገት እጁን አቆመ።

ካስቶሎ። ዕድሜው 17።

“እንግዛው?” አለኝ። ነጥባችንን አየሁ። ለእሱ በረኛችንን መሸጥ ሊኖርብን ነው። ክርክር ጀመርን። ከጓዳ ባለቤቴ እራት መቅረቡን ተናገረች፤ ሁለተኛ ተናገረች፤ ሦስተኛው ላይ ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች። እጇ ላይ ማማሰያ ይዛለች።

“ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶናል” አልኳት።